«ሚስክሪያንት»፦ የእምነት ስም የጥፋተኛ ስም ሲሆን



ከሆሞሻ የመጣን ተማሪዎች በቤት በርታኛ፣ በመድረሳ ዐረብኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ እየሰማን ነው ያደግነው። አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥመን የአማርኛ ፍቺውን ጽፈን እናልፋለን። «ሚስክሪያንት» ግን ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ቃል ነው። ፍቺው «ጥፋተኛ፣ ክፉ አድራጊ» ነው፤ ትክክልም ነው። ታሪኩ ግን እኛንም ይነካል።

ቃሉ የመጣው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው። «ሚስ» ስህተትን ያመለክታል፤ «ክሪያንት» የሚያምን ማለት ነው። ሥሩ «ማመን» የሚል የላቲን ግሥ ነው፤ በየሴሚስተሩ የምንቆጥረው «ክሬዲት»ም የወጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ ቃሉ ሲጀመር ትርጉሙ «የተሳሳተ እምነት ያለው» ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን መናፍቅ የሚሏቸውን፣ ሙስሊሞችንም ጭምር፣ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ «ክፉ ሰው» ወደሚለው ትርጉም ተሻገረ። እምነቱ የተለየ ሰው ክፉ ነው ተብሎ ስለታሰበ አንዱ ስም ለሁለቱም በቃ።

አማርኛም ከዚህ አላመለጠም። ዛሬ ጨካኝን «አረመኔ» እንላለን፤ የቃሉ የቀድሞ ትርጉም ግን ጣዖት አምላኪ ነበር።

የዛሬ አጠቃቀሙስ? በእንግሊዝና በአሜሪካ ቃሉ የመጽሐፍ ቋንቋ ይመስላል፤ አንዳንዴም ለቀልድ ይውላል። በባንግላዴሽና በፓኪስታን ጋዜጦች ግን ማንነታቸው ያልታወቀ አጥቂዎች መጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የፓኪስታን ባለ ሥልጣናት ለነጻነት የሚዋጉ ቤንጋሊዎችን እንዲሁ ይሏቸው ነበር። ትናንት ሙስሊም የተሰደበበትን ቃል ሙስሊም በሙስሊም ላይ ተጠቀመበት።

ስንጽፍ እንጠንቀቅ። ቃሉ ፍርድ አለበት። ገና እየተጣራበት ላለ ሰው «ሰስፔክት» (ተጠርጣሪ)፣ ለተከሰሰ «አኪዩዝድ» (ተከሳሽ) ማለት ይገባል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል።

መድረሳ የተማርነውም ስሞቹን ይለያል። «ካፊር» የእምነት ጉዳይ ነው፤ «ዛሊም» በዳይ ነው። «ፋሲቅ» ከአላህ ትእዛዝ የወጣ ነው፤ ሙስሊም ነኝ የሚልም ይሆናል። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጽ ፋሲቅ ያመጣውን ወሬ እንድናጣራ፣ በ11ኛው ደግሞ በመጥፎ ስም እንዳንጠራራ ያዘናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦቻቸውን ወደ ሐበሻ ሲልኩ ነጃሺ ገና ክርስቲያን ነበር፤ እርሳቸው ግን እርሱ ዘንድ ማንም እንደማይበደል መሰከሩ። እምነቱ ሌላ ነው ብለው ፍትሑን አልካዱትም።

እኛስ? ዶርም ውስጥ ስልክ ይጠፋል። ገና ሳይጣራ «የእነ እንትና ልጆች ናቸው» ይባላል፤ ብሔር ይጠራል፣ ሃይማኖት ይጠራል። የክልላችን ሰው በቆዳው ቀለም በስድብ ስም ሲጠራ ኖሯልና ሕመሙን እናውቀዋለን። ሌባ ከተገኘ ስሙ ሌባ ነው። ካልተገኘ ዝም እንበል።

ወሏሁ አዕለም።