በኪሳችን ያለው ካሜራና የስደተኛው ዓይን

ስልክ ለእኛ ለስደተኞች ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሌሊት ከሥራ ገብተን፣ ጫማችንን ሳናወልቅ፣ አገር ቤት ማን እንደታሰረ፣ ማን እንደሞተ፣ የት እንደተተኮሰ የምናነበው በእሱ ነው። መርዶ የሚደርሰን በእሱ ነው፤ ለቤተሰብ ገንዘብ የምንልከውም በእሱ ነው። በዚያች ትንሽ መስታወት ከምናየው ይልቅ ክፉ ወሬው ይበዛል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ግን ስለዚሁ ስልክ ሌላ ነገር ማንሳት ወደድን። መከራ ያደረቀው የፈጠራ ችሎታ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ምክንያት የሆነበት ጊዜ አለና።

የስልክ ካሜራ ታሪኩ አጭር ነው። ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ የመጣው የቴክኖሎጂ ሰው ፊሊፕ ካን፣ እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴት ልጁ ስትወለድ፣ ካሜራን ከእጅ ስልክ ጋር አገናኝቶ የሕፃኗን ፎቶግራፍ ወዲያው ለወዳጅ ዘመድ አሠራጨ። በልጅ መወለድ ደስታ የተጀመረው ነገር፣ ውሎ አድሮ ለስደት መንገድም ደረሰ።

ሀሰን ፋዚሊ አፍጋኒስታናዊ የፊልም ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ታሊባን እንዲገደል ሲወስንበትና ለገዳዩ ገንዘብ ሲመድብ፣ እንደ እሱ የፊልም ባለሙያ ከሆነችው ባለቤቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር አገሩን ጥሎ ወጣ። ታጂኪስታን ጥገኝነት ነፈገችው። በኢራን፣ በቱርክ፣ በቡልጋሪያና በሰርቢያ አቋርጠው ሃንጋሪ እስኪገቡ ዓመታት ፈጀባቸው። በእጃቸው የነበረው የቀረጻ መሣሪያ ሦስት የእጅ ስልክ ብቻ ነበር። በጫካ ሲያድሩ፣ በመጠለያ ተራ ሲጠብቁ፣ ልጆቹ ሲጫወቱና ሲሰለቻቸው በስልኮቹ ቀረጹት። ከዚያ የተሠራው «ሚድናይት ትራቨለር» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ቀርቦ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ፋዚሊ መኖሪያ ፈቃድ እስኪያገኝና እስኪደላደል አልጠበቀም። ሥራው አብሮት ተሰደደ። በየድንበሩ «ጥገኝነት ጠያቂ» ከመባል አልፎ ባለሙያነቱን ይዞ የዘለቀው በዚህ ነው ብንል አንሳሳትም።

ከአገራችን ልጆችም ምሳሌ አናጣም። ፎቶግራፍን ራሱን በራሱ ያስተማረው ግርማ በርታ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚያገኛቸውን ተራ ሰዎች በአይፎን ያነሳል። ከዚያም ከግርግሩ ነጥሎ፣ ከነጥላቸው፣ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም የሰጡትን 10 ሺህ ዶላር ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ውድ ካሜራ የለኝም የሚለው ሰበብ ከዚህ በኋላ ብዙ አያስኬድም።

ወደ ራሳችን ሠፈር እንምጣ። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከምናውቃቸው ወዳጆቻችን አንዱ፣ ስሙ እንዳይጠቀስ ስለፈለገ እንተወዋለን፣ አገር ቤት ሳለ ለግል ጋዜጣ ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ጋዜጦች ሲዘጉና ጋዜጠኞች ሲታሰሩ ካሜራውን ሸጦ ወጣ። እዚህ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል። «እዚህ አገር ምን የሚነሳ ነገር አለ?» እያለ ዓመታት አለፉ። ትዳሩ ፈረሰ፤ እናቱ ሲያርፉም ሄዶ መቅበር አልቻለም። በእጅ ስልኩ ማንሳት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የሚያነሳው ሰልፍ ወይም ባለሥልጣን አይደለም። ንጋት ላይ በፓርኪንጉ በር የሚገባውን ብርሃን፣ የሻይ ኩባያ ያቀፉ የሥራ ባልደረባውን እጆች፣ በረዶ በሸፈነው አውቶቡስ መጠበቂያ ነጠላቸውን ተከናንበው የቆሙ እናት አነሳ። ይህችን የመጨረሻዋን ፎቶግራፍ ሲያሳየን ዝም አልን። እኚያ እናት በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የምናልፋቸው ናቸው፤ አይተናቸው ግን አናውቅም ነበር።

ወዳጃችን ሐዘኑ ለቀቀው አንልም። ነገር ግን ሥራ ሲሄድ መንገዱን እያየ ይሄዳል። ስደት ከነጠቀን ነገር አንዱ ይህ ይመስለናል፤ እግራችን እዚህ ቆሞ ዓይናችን እዚያ ቀርቷል። ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ከፊቱ ያለውን ሳያይ ማንሳት አይችልም።

«አገር በመከራ ላይ እያለች ፎቶ ማንሳት ቅንጦት ነው» የሚሉን ይኖራሉ። እኛ እንደዚያ አናየውም። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የወጣቶች ፊት አይረሳም። ብዙዎቹ ተራ የጉርድ ፎቶግራፎች ናቸው። ሲነሱ ለታሪክ ብሎ ያነሳቸው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ምስክር ሆነው ቆመዋል። የእኛንስ የስደት ኑሮ፣ በብርድ ሰልፍ የወጡትን፣ ለመዋጮ እንጀራ የጋገሩትን፣ በታክሲ ልጆች ያሳደጉትን ማን ያስቀምጥልን?

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፤ በጣት እየጎተቱ ከማጉላት ይልቅ በእግር መቅረብ፤ ፍላሹን አጥፍቶ ሰውን ወደ መስኮት ብርሃን ማዞር፤ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ። አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። ስልክ ፎቶግራፉ የተነሳበትን ቦታ አብሮ ሊመዘግብ ስለሚችል፣ መዘዙ ለሌላ ሰው እንዳይተርፍ ይህን ምዝገባ መዝጋት ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ወገኖቻችን፣ ስምና ቀን ጻፉባቸው፤ ጥቂቶቹንም አሳትማችሁ በአልበም አኑሩ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ልጆቻችን ነገ «እናንተ ስትመጡ እንዴት ትኖሩ ነበር?» ብለው ሲጠይቁን፣ የምናሳያቸው እንዳናጣ።

ቸር ይግጠመን።