ከመቂ እስከ አብያታ፦ የአንድ ውኃ ተጋሪዎች

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚያመራው አውራ ጎዳና መቂን፣ ዛሬ ባቱ የምትባለውን ዝዋይን፣ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን እያቋረጠ ሲወርድ አንድ የውኃ ሰንሰለት አብሮት ይጓዛል። ከጉራጌ ተራሮች የሚመጣው የመቂ ወንዝና ከአርሲ ደጋ የሚወርደው የከታር ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ከዝዋይ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይሄዳል። ላንጋኖም በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል የድርሻውን ያዋጣል። አብያታ ግን የሰንሰለቱ መጨረሻ ነው፤ ውኃው በወንዝ የሚወጣበት በር የለውም። ከላይ ያለው ገበሬ የቀነሰው ውኃ ሁሉ ጉድለቱ የሚታየው እዚህ ታች ነው።

ጉድለቱም ታይቷል። በ1965 ዓ.ም. ገደማ የአብያታ ሐይቅ ስፋት ከ190 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ወደ ግማሽ ያህል ወርዷል። ሐይቁ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ዳርቻውም ሜዳ ስለሆነ ውኃው በቁመት ትንሽ ሲቀንስ በስፋት ብዙ ይሸሻል። ፀሐይ ውኃውን ስታተነው ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል፤ የቀረውም ውኃ እየመረረ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በአብያታ የነበረው ዓሣ አለቀ። ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ነጫጭ ወፎች፣ አውሬ በማይደርስባቸው የሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ጎጆ እየሠሩ ምግባቸውን ከጎረቤቱ ከአብያታ ያመጡ ነበር። ዓሣው ሲጠፋ ለጫጩቶቻቸው ቀለብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው።

ለዚህ ጥፋት አንድ ወገን ብቻ ተለይቶ የሚወቀስ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃ የሚስበው በቀጥታ ከአብያታ ነበር። በዝዋይ ዙሪያ የተስፋፉት ትልልቅ እርሻዎች፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአበባ እርሻዎች የውኃውን ፍላጎት ጨምረዋል። ይሁን እንጂ በመቂ ወንዝ ዳርና በሐይቁ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ባለ አንድ ሞተር ገበሬም በቁጥር ብዙ ነው። እያንዳንዱ የሚስበው ጥቂት ነው፤ ሲደመር ግን ወንዝ ይሆናል።

እዚህ ላይ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዝዋይ ሐይቅ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ የሚያገኘው፣ ከሞላ ጋን አፍ እንደሚፈስ ውኃ፣ ትርፉን ነው። የሐይቁ ከፍታ ከመፍሰሻው በታች ከወረደ ዝዋይ ውኃ እያለው ቡልቡላ ይደርቃል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ወፉ ብቻ አይደለም፤ ከወንዙ የሚጠጣው ሰውና ከብትም ነው።

የአብያታ-ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ ሲቋቋም፣ ሐይቆቹንና በዙሪያቸው ያለውን የግራር ደን ለመጠበቅ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። አጠባበቁ ግን በዘበኛና በክልከላ ላይ የቆመ ነበር። ከብቱን በዚያ ያሰማራ የነበረው አርብቶ አደር ስለ መሬቱ አልተመከረም፤ ከጥቅሙም የደረሰው እጅግ ጥቂት ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣና ጥበቃው ሲላላ፣ ሰው በፓርኩ ውስጥ ሰፈረ፤ ግራሩም ተጨፈጨፈ። በሌሎች ፓርኮችም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራት በምግብ ለሥራ ፕሮግራም የሠሯቸው እርከኖችና የተከሏቸው ዛፎችም በብዙ ቦታ ያን ሰሞን ፈርሰዋል፤ ተቆርጠዋል። ገበሬው በገዛ እጁ የሠራውን ለምን አፈረሰ ቢባል፣ የራሱ ነው ብሎ ስላልቆጠረው ነው።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተሞከረው ሩቅ አገር አይደለም። ከሻሸመኔ በስተ ምሥራቅ በአዳባና በዶዶላ ደጋ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ፣ በ1992 ዓ.ም. ገደማ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተመሥርተው ነበር። በኦሮምኛ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት «ዋጂብ» ተብለው ይጠሩ ጀመር። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ አይበልጥም፤ ለአንድ አባወራም 12 ሄክታር ያህል ደን ይታሰባል። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል፤ ለደኑ ኪራይ ይከፍላል፤ ደኑም እንዳይሳሳ ግዴታ ይገባል። በምላሹ በደኑ ውስጥ የመኖር፣ እንጨቱን በልክ የመጠቀም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላውን የመከልከል መብት ያገኛል። ይህ የመጨረሻው መብት ነው ትልቁ ቁም ነገር። የውጭ ሰው መጥረቢያ ይዞ ሲመጣ «ይህ የእኛ ነው» ብሎ የሚቆመው ጎረቤት፣ ደመወዝ ከሚጠብቅ ዘበኛ ይልቅ ቶሎ ይደርሳል።

በስምጥ ሸለቆው ቆላ የግራሩ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ከሰሉ ለአዳማና ለአዲስ አበባ ምድጃ የሚሄድ በመሆኑ ገበያው ቅርብ ነው። መቼም ከሰል የሚያከስል ሁሉ ዛፍ ጠል ነው ማለት አይደለም፤ ዝናብ በከዳ ዓመት ከሰል የብዙ ቤት መጠባበቂያ ነው። ስለዚህ ክልከላ ብቻ ችግሩን ወደ ሌሊት ያዞረዋል እንጂ አያቆመውም። ማኅበሩ የትኛው ቦታ እንደሚከለል፣ የደረቀና የወደቀ እንጨት ማን እንደሚሰበስብ፣ ከተከለለው ቦታ ሣሩ በሸክም ለማን እንደሚደርስ በጉባኤ ወስኖ ሲጽፈው ግን ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። የግራር ፍሬ በበጋ ለፍየል የሚሰጠውን ቀለብ ያየ አርቢ፣ ቆሞ ያለ ግራር ዋጋው ከአንድ ከረጢት ከሰል እንደሚበልጥ ለማስላት አይቸገርም።

ለነገሩ የዚህ አካባቢ ገበሬ ዛፍ መጠበቅን የተማረው ከባለሙያ አይደለም። በሞጆና በመቂ ማሳዎች መካከል ተበታትኖ የሚታየው ገርቢ ለዚህ ምስክር ነው። ገርቢ ከሌሎች ዛፎች በተቃራኒ ቅጠሉን በክረምት ያራግፋል፤ በበጋ ይለመልማል። ስለዚህ ሰብሉን በጥላ አይጎዳም፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፤ ፍሬው ለከብት መኖ ይሆናል። ገበሬው በሬውን ዙሪያውን እያዞረ የሚያርሰው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ኦዳም ቢሆን ሳይቆረጥ የኖረው በጥላው ሥር ሽማግሌ ስለሚቀመጥበት እንጂ ዘበኛ ስለቆመለት አይደለም።

የውኃው ነገር ግን አንድ ማኅበር ብቻውን የሚወጣው አይደለም። በብዙ ቦታ የመስኖ ተጠቃሚዎች የውኃ አባት መርጠው በተራ ያጠጣሉ፤ ተራውን የዘለለ ይቀጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 እንዲህ ላለው ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቶታል። ይህ ደንብ በየሰፈሩ ብቻ ከቀረ የመቂ ተራ የቡልቡላን ጥም አያስብም። የላይኞቹና የታችኞቹ ቀበሌዎች መሪዎች፣ ትልልቆቹ እርሻዎችም ባሉበት፣ በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው በደረቁ ወራት ስንት ሞተር በየትኛው ቀን እንደሚሠራ መስማማት ይኖርባቸዋል። ሌሊት ማጠጣት በትነት የሚባክነውን ይቀንሳል፤ ቦይ መጠገንም እንዲሁ። በመቂና በከታር ተፋሰስ ላይ ያሉት ማኅበራት ደግሞ ቦረቦሩን በክትር ካልያዙት፣ ጎርፍ የሚያመጣው ደለል ጥልቀት የሌለውን ዝዋይን ይበልጥ ይሞላዋል።

ለእንዲህ ያለው ስብሰባ ምቹው ጊዜ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ የሽንኩርቱ ችግኝ መደብ ላይ ሳለ ነው። ችግኙ ማሳ ከገባና ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ማንም ተራውን ለመልቀቅ አይፈቅድም።