በጃፓን መንደር በዓል ላይ የሚሰጥ ገንዘብ

በዓል በመጣ ቁጥር ስጦታ አብሮ መምጣቱ የእኛ ልማድ ብቻ አይደለም። በዛሬው ጽሑፋችን ጃፓናውያን በየአካባቢያቸው የሺንቶ መቅደስ በሚያከብሩትና «ማትሱሪ» በሚሉት በዓል ላይ ስለሚሰጡት ገንዘብ እንመለከታለን።

በዕለቱ ወጣቶች «ሚኮሺ» የተባለውን የመቅደስ አምሳል በትከሻቸው ተሸክመው በሆታ ይዞራሉ። ታቦት ሲወጣ ያየ የአገራችን ሰው ትዕይንቱ እንግዳ አይሆንበትም፤ ምሥጢሩ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። የፋኖሱ፣ የምግብና የመጠጡ፣ የሚኮሺው ማደሻ ወጪ በአብዛኛው ከነዋሪው ኪስ ይወጣል።

ሰጪው ገንዘቡን እንዲሁ አያቀብልም። ቀይና ነጭ ክር በታሰረበት ፖስታ ከትቶ፣ ስሙን በላዩ ጽፎ፣ ለአዘጋጆቹ በአክብሮት ያስረክባል። በአንዳንድ አካባቢ ይህ ስጦታ «ሃና» ማለትም አበባ ይባላል። ከዚያም የሰጪው ስም፣ በብዙ ቦታም ከነገንዘቡ መጠን፣ በወረቀት ወይም በሰሌዳ ላይ ተጽፎ መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው ይሰቀላል። ስም የማይጠየቅበት ስጦታም አለ፤ ይኸውም በመቅደሱ ፊት ወዳለው ሣጥን የሚወረወረው ሳንቲም ነው። ብዙዎች አምስት የን ይመርጣሉ፤ «ጎ ኤን» የሚለው አጠራር በቋንቋቸው መልካም ትስስር ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነውና።

ቀኝ እጅ የሚሠራውን ግራ እንዳታውቅ የተማርን እኛ በሰሌዳው እንገረም ይሆናል። ሆኖም ለመፍረድ አንቸኩል፤ የሰጪ ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ በየአጥቢያችን ሰምተናል። ሰሌዳውም ቢሆን ገንዘቡ ለመድረሱ እንደ ደረሰኝ ያገለግላል። ፖለቲከኞች ግን በምርጫ ክልላቸው ለሚከበር በዓል ገንዘብ እንዳይሰጡ የምርጫ ሕጉ ይከለክላቸዋል።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ስሙ በሰሌዳው ላይ የሌለው ሰው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ማንም በሃይማኖታዊ ሥርዓት እንዲካፈል እንዳይገደድ ይደነግጋል። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኤሂሜ ግዛት ከሕዝብ ገንዘብ ለመቅደሶች የሰጠው ስጦታ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ወስኗል። በየመንደሩ ግን የመቅደሱን ገንዘብ ከነዋሪዎች ማኅበር መዋጮ ጋር አዳብሎ መሰብሰብ የቆየ ልማድ ነው። በሳጋ ግዛት፣ በቶሱ ከተማ፣ የመቅደሱን ድርሻ አንከፍልም ያሉ ነዋሪዎች ከማኅበሩ አባልነት ውጭ ተደርገው በመቆጠራቸው ክስ መሠረቱ። የሳጋ አውራጃ ፍርድ ቤትም በ2002 ክፍያውን እንዲህ አድርጎ ማስገደድ ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጾ አባልነታቸውን አጸናላቸው።