ባል ያጠራቀማት ፀሐይ ትዳር ልታፈርስ ነበር!

ባልና ሚስት በገንዘብ፣ በአማትና በቅናት ሲጣሉ ሰምታችሁ ይሆናል። በፀሐይስ? እኔ እንዲህ ዓይነቱን ጠብ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሽማግሌ ሆኜም ተቀምጫለሁ።

ጥንዶቹ የሚኖሩት ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ነው። ከዛሬ ጥቂት ዓመታት በፊት ጣሪያቸው ላይ ሶላር አስገጠሙ። ሶላሩ ቀን ላይ ቤቱ ከሚፈጀው በላይ ሲያመነጭ ትርፉ ወደ መብራት ኩባንያው መስመር ይገባና በሒሳባቸው ላይ "ክሬዲት" ተብሎ ይያዝላቸዋል። ማታ ከመስመሩ ሲወስዱ ደግሞ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። እሰየው ነው!

ባል ሆዬ ግን ክሬዲቱን ባንክ እንደገባ ገንዘብ ቆጠረው። በብርዱ ወራት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከለከለ። ልጆቹን "መብራት አጥፉ!" እያለ ከክፍል ክፍል ያባርራቸው ጀመር። ሚስት ምጣዷን ስትሰካ እሱ ፊቱን ያጠቁራል። በመጨረሻ መረራትና "ወይ እኔን፣ ወይ ክሬዲትህን ምረጥ!" አለችው።

"እስቲ ወረቀቱን አምጡት" አልኳቸው። ለዓመቱ ከፈጁት በላይ ያመነጩት 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ደርሷል። ባልየው በልቡ ያባዛው ኩባንያው በሚሸጥበት ዋጋ ነው። አንዱን በ30 ሳንቲም እንኳ ቢያስቡት 600 ዶላር! ደንቡ ግን እንዲህ አይልም። የ12 ወሩ ሒሳብ ሲዘጋ የተረፈው ክሬዲት ይሰረዛል። ኩባንያው የሚከፍለው በትርፍ ለመነጨው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ እሱንም በጅምላ ገበያ ዋጋ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሳንቲም በታች። በ5 ሳንቲም ብናሰላው 100 ዶላር ቢሆን ነው። ለዚህ ሲባል ነው እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ሲንቀጠቀጥ የከረመው!

ወገኖቼ፣ የሶላር ክሬዲት ወተት እንጂ ማር አይደለም። በጊዜው ካልጠጡት ይበላሻል። ስለዚህ እዚያ ያላችሁም፣ ዘመድ ያላችሁም ይህችን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ሒሳቡ የሚዘጋበትን ወር እወቁ። በበጋ የተጠራቀመው ለብርዱ ወራት ስለሚያስፈልግ በአንድ ጊዜ አትበትኑት። መዝጊያው ሲቃረብ ግን ገና ብዙ ትርፍ ካለ ቤታችሁን አሙቁ፣ ጋግሩ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ካላችሁ ሙሉ።

ሁለተኛ፣ ሰዓት ምረጡ። እዚያ በአብዛኛው መብራት የሚወደደው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። እንጀራውም ልብሱም ከዚያ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ በየትኛው ደንብ እንደምትተዳደሩ ጠይቁ። በካሊፎርኒያ ትልልቅ የግል ኩባንያዎች ዘንድ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጀምሮ ያመለከተ ሰው በአዲሱ ደንብ ነው የሚስተናገደው። ለትርፉ የሚታሰብለት ዋጋ እንደየሰዓቱ ይለያያል፤ በአማካይም ከድሮው በጣም ያነሰ ነው። ለእሱ የሚያዋጣው ፀሐይ ሳለች መጠቀም ወይም በባትሪ ለማታ ማስቀመጥ ነው። ቀድመው ያመለከቱት ግን በአሮጌው ደንብ 20 ዓመት ይቆያሉ። ጥንዶቻችንም ከእነዚህ ናቸው።

አራተኛ፣ ገና ልትገዙ ከሆነ ያለፈውን 12 ወር የመብራት ሒሳብ ቁጭ ብላችሁ ደምሩና በፍጆታችሁ ልክ አስገጥሙ። "ሰሌዳ በበዛ ቁጥር ገንዘብ ይዘንብላችኋል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለትርፉ ስንት እንደሚከፈል በጽሑፍ ያሳያችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀቱን ሁለት ሆናችሁ አንብቡት። ቁጠባ ጥሩ ነው፤ አንዱ ብቻውን ቆጥቦ ሌላው የሚበርደው ከሆነ ግን ቁጠባ ሳይሆን ጠብ ነው የሚጠራቀመው። እሱ ደግሞ ዓመት ሞላው ተብሎ አይሰረዝም!

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።