መቃኛው ምን ያውቃል? ለጊታርና ለክራር ተማሪዎቻችን ትንሿን መሣሪያ ስንመርጥ

በዚህ ገጽ የምንጽፈው ስለጦርነቱ፣ ስለእስሩ፣ ስለመግለጫውና ለመግለጫው ስለተሰጠው መልስ እንደሆነ አንባቢያን ያውቁታል። ዛሬ ግን ከዚያ ወጣ ብለን አውራ ጣት ስለምታክል አንዲት መሣሪያ እናወጋለን። የጊታር መቃኛ ናት። «ሰው እያለቀ እነሱ ስለጊታር ያወራሉ» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ ልጆቻችን በሰልፍና በመግለጫ ብቻ አያድጉም። ቋንቋው ከጠፋቸው በኋላ ስለአገሩ ብንተርክላቸው ሰሚ አናገኝም። ዜማውም እንደዚያው ነው።

በየከተማው ቅዳሜና እሁድ በኮሚኒቲ አዳራሽ ፊደል የሚቆጥሩ ሕፃናት አሉ። አንዳንዱ ዘንድ ከፊደሉ ጎን ጊታር ወይም ክራር ይሰጣል። ወላጅ መቶ ምናምን ዶላር አውጥቶ ጊታር ይገዛል፤ ልጁ ሁለት ሳምንት ይታገላል፤ ከዚያ ጊታሩ ከሶፋው ኋላ ይገባል። «ልጄ ተሰጥኦ የለውም» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው ተሰጥኦ ሳይሆን ቅኝት ነው። አዲስ ክር፣ በተለይ የናይለኑ፣ እየተሳበ ስለሚላላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግሞ ከቦታው ይወርዳል። ጣቱን በትክክል ያስቀመጠ ልጅ የተበላሸ ድምፅ ሲሰማ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ጆሮው ገና ስላልሠለጠነ ከክሩ ይሁን ከጣቱ መለየት አይችልም። አስተማሪው በሳምንት አንዴ ቃኝቶለት ቢሄድ ቅኝቱ እስከ ማክሰኞም አይቆይ።

ለመሆኑ መቃኛዋ እንዴት ትሠራለች? እንደ ልብስ መቆንጠጫ የጊታሩን ራስ ነክሳ ትይዛለች። ክሩ ሲመታ እንጨቱ ይንቀጠቀጣል፤ በውስጧ ያለው ፒየዞ የሚባለው አካል ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል፤ ትንሽ ኮምፒዩተር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተንቀጠቀጠ ቆጥሮ የድምፁን ስም፣ ከቦታው ምን ያህል እንደወረደ ወይም እንደወጣ ያሳያል። ዋናው ቁም ነገር የምትሰማው በአየር ሳይሆን በእንጨቱ በኩል መሆኑ ነው። በስልክ ላይ በነፃ የሚጫኑት መቃኛዎች ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራታችንን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሦስት መቶ ሰው እያወራ፣ ሳህን እየተንኳኳ፣ የመድረክ መሪው «እባካችሁ ጸጥታ» እያለ ስልክ የጊታሩን ድምፅ ከየት ይለየዋል? የምትቆነጠጠዋ ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የራሷን ጊታር ብቻ ታዳምጣለች። (በየድርጅቶቻችን ስብሰባ በር ላይ የምትቆነጠጥ ብትኖር ስንቱን ባስታረቀች! ለጊዜው የምትሠራው ለእንጨት ብቻ ነው።)

ወደ ምርጫው እንግባ። በገበያው ላይ ስናርክ፣ ኮርግ፣ ዲአዳሪዮ፣ ቲሲ ኤሌክትሮኒክ፣ ፒተርሰንና ስማቸው የማይታወቅ እልፍ አምራቾች አሉ። ለጀማሪ ልጅ ከአሥር እስከ ሃያ ዶላር የምትሸጠው ትበቃለች። የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው የመጣው ከትክክለኛነት፣ ከፍጥነትና ከመሰበር ነው። ርካሾቹ የሚሞቱት አብዛኛውን ጊዜ ውስጣቸው ተበላሽቶ ሳይሆን ራሷን ከመቆንጠጫዋ ጋር የሚያያይዘው አንገት ተሰብሮ ነው፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንገቷን ወዲያና ወዲህ አዙራችሁ ፈትኗት።

ከሁሉም በላይ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ክሮማቲክ የምትባለውን ግዙ። አንዳንዷ መቃኛ የምታውቀው የጊታርን ስድስት ክሮች ብቻ ነው፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። ክሮማቲኳ ግን አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ታውቃለች። ቤታችሁ ክራር ካለ ወይም ወደፊት ይኖራል ብላችሁ ካሰባችሁ ከዚህ በታች ያለችው አትጠቅማችሁም። በዚሁ ምክንያት የቲሲ ኤሌክትሮኒክን ፖሊቲዩን ክሊፕ የምትገዙ አንድ ነገር እወቁ። ስድስቱንም ክሮች በአንድ ጊዜ ሲመቷቸው የትኛው እንደወረደ የምታሳይበት ብልሃቷ ድንቅ ቢሆንም የተሠራው ለጊታር ነው፤ በክራር ላይ አንድ በአንድ ከመቃኘት አያድናችሁም። የዲአዳሪዮዋ ማይክሮ ከጊታሩ ራስ ጀርባ ተደብቃ ስለምትቀመጥ መድረክ ላይ አትታይም፤ ለክራር ወፍራም ቀንበር ግን አፏ ሊጠብ ይችላል። ክራር ላይ የምትቆነጠጠው ከላይ በተጋደመው እንጨት ላይ ነውና አፏ በሰፊው የሚከፈተውን ምረጡ።

ሌላው መለኪያው ነው። ዛሬ ዓለም የሚቃኘው ኤ የተባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ እንዲንቀጠቀጥ ተደርጎ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ የተመከረ፣ በ1955 ደግሞ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የጸደቀ ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ብዙዎቹ መቃኛዎች ይህን ቁጥር ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አላቸው፤ መከራውም የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዱ ልጅ ቁልፉን ሳያውቀው ነክቶ 432 ላይ ቢያስቀምጠው ከጓደኞቹ በግማሽ ድምፅ ሲሦ ገደማ ወርዶ ይቃኛል። መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ቡድኑ ግን ያለቅሳል። ከልምምድ በፊት ሁሉም የመቃኛውን ቁጥር ጮክ ብሎ ያንብብ።

ስለባትሪው ደግሞ ለወላጆች። አብዛኞቹ የሚሠሩት ሲአር 2032 በምትባል የሳንቲም ቅርጽ ባላት ባትሪ ነው። ሕፃን ቢውጣት ጉሮሮው ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 «የሪስ ሕግ» የተባለውን ያጸደቀችው እንዲህ ያለች ባትሪ ውጣ በሞተች ሕፃን ስም ነው። የባትሪው በር በቡሎን የሚታሰረውን ግዙ፤ ወይም በዩኤስቢ የሚሞላውን። ይህን ለቁጠባ ብላችሁ አትለፉት። ውድ ጊታር ያላችሁ ደግሞ መቃኛዋን ቆንጥጣችሁ አታሳድሩ፤ በላከር የተቀቡ የቆዩ ጊታሮች ላይ ጎማዋ ምልክት ትታ ትቀራለች።

እስከዚህ ያለው የገበያ ወሬ ነው። የሚከነክነን ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህች መሣሪያ አረንጓዴ ስታበራ «ትክክል ነው» የምትለው በማን ሚዛን ነው?

መቃኛዋ የምታውቀው አንድን የድምፅ እርከን ለአሥራ ሁለት እኩል የተካፈለበትን ሥርዓት ነው። ለጊታር ይህ ፍጹም ትክክል ነው፤ አንገቱ ላይ የተተከሉት ፍሬቶች ራሳቸው በዚያው ስሌት ስለተሰደሩ ከዚያ መውጣት አይቻልም። የእኛን ቅኝቶችም በዚያ ላይ መጫወት ይቻላል። ከሲ ብንነሳ ዋናው ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አንቺ ሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ባቲ እንደየዓይነቱ ይለያያል፤ ሜጀር የምንለው ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ነው። ልጃችሁ እነዚህን በወረቀት ጽፎ ቢለጥፍ መቃኛዋ ታግዘዋለች።

ነገር ግን ክራር ፍሬት የለውም። ማሲንቆም የለውም፤ በገናም የለውም። ደራሹ ክሩን የሚያጠብቀው ለድምፁ በሚስማማው ከፍታ፣ ከመምህሩ በሰማው ልክ ነው። አንዱ ደራሽ የአንቺ ሆዬን ሁለተኛ ድምፅ ትንሽ ከፍ፣ ሌላው ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሁለቱም አንቺ ሆዬ ናቸው፤ ሰሚው ግን የትኛው የማን እንደሆነ ይለያል። ያቺ «ትንሽ» መቃኛዋ ላይ ቀይ መብራት ናት። ልጁ መምህሩ የቃኘለትን ክራር ቤት ወስዶ ቆንጥጦ ሲያየው ቀይ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ይልበታል። «ጋሼ ጆሯቸው አርጅቷል» ብሎ ያስተካክለዋል። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይከለክል፣ ማንም ሳያቃጥል፣ አንድ የድምፅ ቅርስ ይጠፋል ማለት ነው። እኛ ስለቅርስ ስንጮህ ብዙ ጊዜ ስለሙዚየምና ስለተዘረፈ ታቦት ነው፤ ልክ ነን። ይኸኛው ዓይነት መጥፋት ግን ዘራፊ የለውም።

ነገሩ ምዕራባውያን በእኛ ላይ የሸረቡት ሴራ ነው ለማለት አይደለም። እንዲያውም መቃኛዋ የምትለካበትን ሴንት የሚባለውን መስፈሪያ ያወጣው እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ ነው፤ ግማሽ ድምፅን ለመቶ፣ ሙሉውን እርከን ለ1200 ከፍሎ። እ.ኤ.አ. በ1885 ስለልዩ ልዩ ሕዝቦች የድምፅ ስልቶች ባሳተመው ጥናት የደረሰበት መደምደሚያ የሙዚቃ ስልት አንድና ተፈጥሯዊ እንዳልሆነ፣ እንደየሕዝቡ እንደሚለያይ ነበር። መስፈሪያው የተፈጠረው ልዩነትን ለማሳየት ሆኖ ሳለ ዛሬ በጊታሩ ራስ ላይ ልዩነትን ለመቅጣት ይውላል። የአውሮፓ ዘፋኝ እንኳ ያለ ፒያኖ ሲዘምር ሦስተኛውን ድምፅ ከመቃኛዋ በ14 ሴንት ገደማ ዝቅ ማድረግ ይወዳል፤ ለጆሮ የሚጣፍጠው እዚያ ስለሆነ።

ከእኛም ወገን ይህን ጉዳይ በሙያ የያዙ ነበሩ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1998 ያረፉት በአሜሪካ ነው። በ1977 ስለክራር ባሳተሙት ጽሑፍ ርዕስ ላይ ክራርን «የሰይጣን መሣሪያ» የሚለውን የአገር ቤት አባባል አንስተዋል። በገና የዳዊት፣ ክራር የሰይጣን፤ ያ የሰይጣን መሣሪያ ዛሬ በስደት ልጆቻችንን ከአገራቸው ጋር ከሚያገናኙ ጥቂት ገመዶች አንዱ ሆኗል።

በነገራችን ላይ፣ በስደት መድረኮቻችን ላይ ክር ያለው መሣሪያ ለምን እንደተመናመነ ብናስብ አንዱ ምክንያት ቅኝት ነው። የደርግ ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ አዳከመው፤ የዋሊያስ ባንድ አባላት የተወሰኑት እ.ኤ.አ. ከ1981 የአሜሪካ ጉዞ በኋላ እዚሁ ቀሩ። ከእነሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ በሻንጣ ማስቀመጫው ኪቦርድ ይዞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመድ እንደነበር በብዙ ጋዜጣ ተጽፏል። ኪቦርድ ከታክሲ ወርዶ ወዲያው ይጫወታል፤ መቃኘት አይፈልግም። ሙሉ ባንድ ለመክፈል አቅም ያልነበረው የስደት ገበያ አንድ ሰውና አንድ ኪቦርድ መረጠ። ኃይሉ ራሱ ግን ያንን ኪቦርድ የት እንዳደረሰው ዓለም ሰምቷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መቃኛዋን አንጥላት። ክራሩ ከኪቦርድ ወይም ከሳክስፎን ጋር የሚጫወት ከሆነ በአረንጓዴዋ መብራት ይቃኝ፤ አለዚያ መጋጨት ነው። ብቻውን ወይም ከድምፅ ጋር ብቻ ሲሆን የመምህሩ ጆሮ ይቅደም። በበገና ላይ ከነጭራሹ ብዙ አትመኩባት፤ ክሩ ሥር የሚደረጉት ቆዳዎች የሚያወጡት የሚርመሰመስ ድምፅ መርፌዋን ያዘልላታል።

አቅም ያለው ወይም የሙዚቃ ክፍል የሚያስተዳድር ኮሚኒቲ የፒተርሰንን ስትሮቦክሊፕ ኤችዲሲ ቢያይ ጥሩ ነው። ዋጋዋ ከተራዎቹ ብዙ እጥፍ ቢሆንም ባትሪዋ ይሞላል፤ ትክክለኛነቷ የሴንት አሥረኛ ድረስ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የራስን ቅኝት በኮምፒዩተር ሠርቶ መጫን ያስችላል። የእኛ አንቺ ሆዬ አረንጓዴ የሚበራባት መቃኛ ማለት ናት።

አየሩንም አትርሱ። የሚኒሶታ ክረምት ማሞቂያ እንጨቱን ያደርቀዋል፤ ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ ከውጭው ሙቀት ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ስትገቡ ክሩ ወዲያው ይለወጣል። የክራር ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፤ ሲደርቅ ይወጠራል። መሣሪያው ክፍሉን ሩብ ሰዓት ያህል ይልመድ፤ ከዚያ ቃኙ። ስትቃኙም ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ አጥብቁ፤ ካለፋችሁ አላልታችሁ እንደገና ውጡ፤ እየላላ የመጣ ክር ቦታው ላይ አይቆይም። ክሩን በለስላሳ ምቱት፤ ሌሎቹን በመዳፍ ያዙ።

በዕድሜ የገፉ ክራር ደራሽ በከተማችሁ ካሉ ደግሞ በዚህ ወር ውስጥ ሄዳችሁ ክራራቸውን በራሳቸው ጆሮ እንዲቃኙ ጠይቋቸው። አትንኩባቸው። ሲጨርሱ መቃኛዋን ቀንበሩ ላይ ቆንጥጡና እያንዳንዱን ክር አንድ በአንድ ምቱ፤ «ዲ ፍላት፣ በ18 ሴንት ከፍ ያለ» እያላችሁ በደብተር ጻፉ፤ ድምፁንም በስልክ ቅዱ። የቅኝቱን ስም፣ ቀኑን፣ ፈቃዳቸው ከሆነም ማን እንዳስተማራቸው ጨምሩበት። አራቱን ቅኝት ለመጻፍ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ያልቃል።