የመጀመሪያው ስስ በረዶ እና የተራራ ናዳ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ከፍተኛ ተራሮች ላይ በረዶ መጣል የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት ገደማ ነው። ሣርና ድንጋይ ብቅ ብቅ የሚልበት ይህ ስስ በረዶ ለበረዶ ናዳ የሚበቃ አይመስልም። ነገር ግን ፀሐይ የሚያገኘው ተዳፋት ቶሎ ሲራቆት፣ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ የዞረው ጥላማ ከፍታ በረዶውን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። ክፋቱ የሚበቅለውም እዚያ ነው።

ከበረዶው ሥር ያለው መሬት የሞቃቱን ወራት ግለት ገና ስላልጨረሰ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ የበረዶውን ገጽ ደግሞ ደመና የሌለበት ሌሊት ከዚያ እጅግ ዝቅ ያደርገዋል። በረዶው በሳሳ ቁጥር የሙቀት ልዩነቱ በጥቂት ውፍረት ውስጥ ይታመቃል። ልዩነቱ በአንድ ሜትር ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ተን ከታች ወደ ላይ እየተጓዘ ቅንጣቶቹን ትልልቅና ማዕዘናም ያደርጋቸዋል። እርስ በርስ አይያያዙም፤ በእፍኝ ሲዘገኑ እንደ ስኳር ይፈስሳሉ።

ቀጥሎ ከባድ በረዶ ሲጥል፣ በአካባቢው የሚበዛው የምዕራብ ነፋስ ከሸንተረሩ ጠርጎ በምሥራቁ በኩል ይከምረዋል። እንዲህ የጠጠረው አዲስ ንጣፍ ባልጸናው መሠረት ላይ ይተኛል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ የአንድ ሰው ክብደት መሠረቱን ሊሰብር ይችላል፤ ስብራቱ በፍጥነት ተዛምቶ ንጣፉ በሙሉ ይንሸራተታል። ከእግር ሥር ድፍን የመደርመስ ድምፅ መሰማቱ ወይም በረዶው ፊት ለፊት መሰንጠቁ ወዲያውኑ ለመመለስ በቂ ምክንያት ነው።

በዚህ ወቅት ለበረዶ ሸርተቴ የሚበቃ በረዶ የሚገኘው ነፋስ በከመረበት ሸለቆና ገደላማ ቦታ ብቻ መሆኑ ሰውን በቀጥታ ወደ አደጋው ይስበዋል። ትንሽ ናዳ እንኳ ሰውን በድንጋይና በጉቶ ላይ እያላተመ ይወስዳል። ገና ያልተከፈቱ የሸርተቴ ማዕከላትም ደኅንነት የላቸውም፤ ናዳ የሚከላከሉት ሠራተኞች ሥራቸውን አልጨረሱም።

ደካማው መሠረት አንዴ ከተቀበረ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020/21 የበረዶ ወቅት ኮሎራዶ ውስጥ 12 ሰዎች በናዳ ሲሞቱ፣ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ በወቅቱ መባቻ የወረደው በረዶ የተወው ደካማ ንጣፍ ነበር።

የተቀበረ ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ካለፈ በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ስለዚህ የሚያድነው አብሮት ያለው ሰው ነው፤ ሁሉም ሰው የናዳ ምልክት ማስተላለፊያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ መያዝ አለበት። በዴንቨርና በኦሮራ የምትኖሩ ወገኖች፣ ወደ ተራራው ከመውጣታችሁ በፊት የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከልን የዕለቱን ትንበያ አንብቡ፤ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነና ከበላዩ ገደል በሌለው ቦታ ተጓዙ።