ሬጌ፣ ደብ ግጥምና «ተቀበል!»

ወልድያ ወይም መርሳ ላይ ሠርግ ቤት የተቀመጠ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ፣ አዝማሪው በማሲንቆው እያዋዛ ይደግመዋል። ስንኙ ሹም የሚነካ ከሆነ ሰሙ ስለ ፍቅር፣ ወርቁ ስለ ግፍ ይሆናል። ተጠያቂ ቢፈለግ አዝማሪው ያለው የተሰጠውን ነው፤ ሰጪውም ያወራው ስለ ፍቅር ነው።

ጃማይካውያን ተቃውሟቸውን በሌላ መንገድ አሰሙ። ሬጌ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኪንግስተን ውስጥ ተወለደ። እንደ ኪንግ ተቢ ያሉ የድምፅ ባለሙያዎች ከተቀዳው ዘፈን የዘፋኙን ድምፅ አውጥተው ባስና ከበሮውን አጎሉት፤ ደብ የሚባለው ይህ ነው። በ1970ዎቹ እነ ኦኩ ኦኑራና ሙታባሩካ፣ ለንደን ውስጥም ሊንተን ክዌሲ ጆንሰን፣ በዚያው ምት ግጥም ማንበብ ጀመሩ። ቋንቋቸው የትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ሳይሆን ጃማይካዊ በየሰፈሩ የሚነጋገርበት ነው።

የጆንሰን «የሶኒ ደብዳቤ» (1979 እ.ኤ.አ.) ጥሩ ማሳያ ነው። ሶኒ ከብሪክስተን እስር ቤት ለእናቱ ይጽፋል፦ አውቶቡስ ሲጠብቁ ፖሊሶች ታናሽ ወንድሙን ጂምን ያዙት፣ ደበደቡት፤ እሱም ዝም ብሎ ማየት አልቻለም፤ በግርግሩ አንድ ፖሊስ ሞተ። ግጥሙ ያነጣጠረው ፖሊስ በጥርጣሬ ብቻ ሰው እንዲይዝ በሚፈቅደው ሕግ ላይ ነበር። ሕጉ በ1981 እ.ኤ.አ. ተሻረ።

ሬጌ ከኛም ወስዷል። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በአማርኛ ያደረጉትን ንግግር ቦብ ማርሌ «ዋር» በተባለው ዘፈኑ አዜመው። ምቱ ደግሞ ወደኛ መጣ፤ ቴዲ አፍሮ በምርጫው ዓመት፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ያወጣውን «ጃ ያስተሰርያል» ብዙ አድማጭ በጊዜው መንግሥት ላይ የተሰነዘረ ትችት አድርጎ ወሰደው። አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ይቀርብ የነበረው ግጥም በጃዝም ለደብ ግጥም የቅርብ ዘመድ ነው፤ ገጣሚው ያነባል፣ ባንዱ ያጅባል።

የደብ ገጣሚውና የአዝማሪው ልዩነት ምን ያህል ገልጠው ይናገራሉ የሚለው ላይ ነው። ደብ ገጣሚ በዳዩንም ሕጉንም በግልጽ ያነሳል፤ ክሱ የተሟላ ስለሆነ አድማጩ ምስክር ይሆናል። አዝማሪው ግን ግማሹን ለአድማጩ ይተዋል፤ ወርቁን የሚያወጣው አድማጩ ስለሆነ የትችቱ ተካፋይ ይሆናል። ስለዚህ ደብ ግጥም ሲሰሙ ማን ምን እንዳደረገ ይከታተሉ፤ መርሳ ሠርግ ላይ ከሆኑ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሳቀውን ሰው ይፈልጉ፤ ወርቁ የገባው እሱ ነው።